ሳይፈተልና ሳይሸመን ጨርቅ ስለ ተባለው ዕቃ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየገበያውና በየመደብሩ አንድ ዓይነት ከረጢት በዝቶ ይታያል። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ እጀታ አለው፤ ሲዳስሱት እንደ ስስ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ የነጋዴው ስምና ምልክትም ታትሞበታል። ሰጪውም ተቀባዩም የጨርቅ ከረጢት ይሉታል። ሕዝቡ ፌስታል የሚለው ስሱ የላስቲክ ከረጢት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ እንዲከለከል ከተወሰነ ወዲህ፣ ይህ ሁለተኛው ከረጢት የፊተኛውን ስፍራ ለመውረስ የተሰናዳ መስሎ ይታያል። አዋጁ መልካም ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም የታወጀ መሆኑንም የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን የተከለከለው ዕቃ ስሙንና መልኩን ለውጦ እንዳይመለስ መጠንቀቅ የሹማምንት ሥራ ስለ ሆነ፣ ይህ ጨርቅ የተባለው ዕቃ ምን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ሌሎች አገሮችም በእርሱ ምን እንደ ደረሰባቸው ለመግለጽ እንወዳለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት፣ የአገራችን አዋጆች ከሚነሡበት ስፍራ በቀር፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጨርቅ ማለት በአገራችን ልማድ ከጥጥ ወይም ከበግ ጠጉር ተፈትሎ፣ ድሩ ተዘርግቶ፣ ማጉ በመወርወሪያ ተመላልሶ የተሠራ ነው። ይህን ግን ፈታይም ሸማኔም አያውቀውም። ስሙም በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ነን ዎቨን» ይባላል፤ ያልተሸመነ ማለት ነው። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው፣ ከድፍድፍ ነዳጅና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚገኘው የፕላስቲክ ዓይነት፣ በትንንሽ ፍሬ መልክ ተሰናድቶ ወደ መኪናው ይገባል፤ ሙቀቱ ከ160 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም እንደ ወንፊት ረቂቅ ቀዳዳ በበዛበት ብረት ውስጥ ተገፍቶ ሲወጣ እልፍ ክር ይሆናል። ክሩን የአየር ኃይል እየሳበ ያቀጥነዋል፤ ከዚያም በሚሽከረከር ሰፊ ምንጣፍ ላይ ያለ ሥርዐት ይበተናል። የተበተነው ክር በሁለት የጋሉ ድንብል ብረቶች መካከል ያልፋል፤ ከሁለቱ አንዱ ብረት ትንንሽ ጉጦች ስላሉበት፣ ጉጡ በነካው ስፍራ ሁሉ ክርና ክር ቀልጦ ይጣበቃል። አንባቢ ይህን በዓይኑ ለማየት ቢወድ ከረጢቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት፤ በመስመር የተደረደሩ ነጠብጣቦች ያያል። የድርንና የማግን ሥራ የሚሠሩት እነዚያ ነጠብጣቦች ናቸው። ከዳሩ አንድ ክር ልምዘዝ ቢል ግን አይመዘዝለትም።

እንግዲህ ዕቃው በመልኩ ጨርቅ፣ በባሕርዩ ፕላስቲክ ነው። ይህንም ማለታችን ጥበቡን ለመንቀፍ አይደለም። ያለ ሽመና ጨርቅ የማበጀት ሥራ በብዙ ድካም የተገኘ ነው። በጀርመን አገር በቫይንሃይም ከተማ ያለው የፍሮይደንበርግ ኩባንያ፣ ቆዳ ፋቂ ሆኖ ሳለ፣ ከ1930 ወዲህ ባሉት ዓመታት ለቆዳ ምትክ ሲፈልግ ወደዚህ ሥራ ገባ። ፖሊፕሮፒሊንን ጁሊዮ ናታ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1954 አበጅቶ በ1963 ከጀርመናዊው ከካርል ሲግለር ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። በዚያው ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤት ሠራተኞች የቀለጠ ፕላስቲክን በጋለ አየር እየነፉ ከጠጉር እጅግ የቀጠነ ክር የሚያወጡበትን ዘዴ አወቁ። ዛሬ የሐኪም መጎናጸፊያ፣ የሕፃናት መታቀፊያ፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ከመንገድ ጠጠር ሥር የሚነጠፈው ምንጣፍ፣ አትክልትን ከውርጭ የሚጠብቀው ሽፋን፣ ይህ ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው። ከሐኪም ቤት ይህን ዕቃ ያስወጣ ሰው ወገኑን ጎዳ እንጂ አልጠቀመም።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለሙን ባስጨነቀ ጊዜ ይህ ሥራ በነገሥታትና በሚኒስትሮች ፊት መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የአፍ መሸፈኛው ሦስት ንብርብር ሲሆን፣ ረቂቁን ነገር የሚይዘው በአየር ተነፍቶ የተሠራው መካከለኛው ንብርብር ነው፤ የእርሱም መኪና በዓለም ጥቂት ነበረ። ቻይና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ በቀን 20 ሚሊዮን መሸፈኛ ለመሥራት የሚበቃ አቅም ይዛ፣ በወሩ መጨረሻ ከ100 ሚሊዮን በላይ አደረሰችው። ሲኖፔክ የተባለው የነዳጅ ኩባንያዋም መርከብና ነዳጅ የለመደ እጁን ወደ ጨርቅ መልሶ፣ በቤጂንግ በ12 ቀን አዲስ መኪና ተክሎ በማርች ወር ሥራ አስጀመረ። የመካከለኛው ንብርብር ዋጋ ከ10 እጥፍ በላይ አደገ። ዋጋው ያደገለትን ነገር ለመሥራት የማይሮጥ የለምና፣ በጂያንግሱ አውራጃ በያንግዦንግ ከተማ ትናንት ሌላ ሥራ የነበረው ሰው ሁሉ መኪና ገዝቶ ነፊ ሆነ፤ ከወጣውም ብዙው ረቂቁን የማይዝ ከንቱ ጨርቅ ስለ ነበረ፣ የከተማው ሹማምንት በኤፕሪል 2020 ሥራውን ሁሉ አስቁመው መመርመር ግድ ሆነባቸው። የኤውሮፓ ኅብረትና ህንድም በማርች ወር ዕቃው ከድንበራቸው እንዳይወጣ ከለከሉ ወይም ፈቃድ ጠየቁበት።

ወረርሽኙ ሲያባራ ዋጋው ወደቀ፤ የተተከለው መኪና ግን አልተነቀለም። ይህ ለዛሬው ገበያ ትልቅ ነገር ነው። የዚህ ሥራ የዓለም ገበያ ከዚያ ወዲህ የሚሠቃየው በዕቃ ማነስ ሳይሆን በመኪና ብዛት ነው። በሰሜን አሜሪካ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ወጪያቸውን ለመቻል መዋሐድ ያዙ፤ ቤሪ የተባለው ኩባንያ ይህን የሥራ ክፍሉን ከግላትፌልተር ጋር አዋሕዶ በኖቬምበር 2024 ማግኔራ የሚባል አዲስ ኩባንያ ቆመ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በዓለም ከሁሉ አብልጣ የምትሠራው ቻይና ናትና፣ የተረፈው ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ ወደ ውጭ ይወጣል። ሥራ የፈታ መኪና ገበያ መፈለጉ የማይቀር ነው። ከዚህም መኪና ከሚወጣው ሁሉ ብዙ ጥበብ የማይጠይቀው፣ ብዙ መርማሪም የሌለበት ከረጢት ነው። የሐኪም መሸፈኛ ረቂቁን ይይዝ እንደ ሆነ ይመረመራል፤ ከረጢትን ማን ይመረምራል? ስለዚህ አንድ መንግሥት ፌስታልን በከለከለ ቁጥር፣ ሳያስበው ለዚህ ትርፍ ዕቃ ገበያ ይከፍትለታል ማለት ነው።

ይህ ግምት እንዳይባል የጎረቤታችንን የኬንያን ነገር እንናገር። ኬንያ በኦገስት 28 ቀን 2017 የላስቲክ ከረጢት መሥራትን፣ ማስገባትንና መያዝን በብርቱ ሕግ ከለከለች፤ ቅጣቱም እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ 4 ዓመት እስራት የሚደርስ ስለ ነበረ በዓለም ላይ ከወጡት ሕጎች እጅግ ከከበዱት አንዱ ተባለ። ሕዝቡም ታዘዘ፤ ፌስታሉም ከመንገድ ጠፋ። ወዲያው ግን ያልተሸመነው ከረጢት በየሱቁ መጣ። መጀመሪያ ወፍራምና ጠንካራ ነበረ፤ ነጋዴ ከነጋዴ በዋጋ ሲፎካከር ቀን በቀን ሳሳ፤ ሳስቶም ሳስቶ አንድ ቀን ተይዞ የሚጣል ሆነ። የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይህን ባየ ጊዜ፣ ዕቃው ሳስቶ ደግሞ ለመያዝ እንደማይበቃ፣ የተወሰነ ደረጃም እንደሌለው ገልጾ፣ ከማርች 31 ቀን 2019 ጀምሮ እርሱም እንዲከለከል አስታወቀ። ከፊተኛው ክልከላ እስከ ሁለተኛው ማስታወቂያ 19 ወር ብቻ ነው። በዚህ መካከል መኪና የገዛውና ሠራተኛ የቀጠረው ነጋዴ መጮኹ አልቀረም፤ ጩኸቱም ሐሰት አልነበረም፤ ትናንት ሕጋዊ የተባለለት ዕቃ ዛሬ ወንጀል ሲባል ማን ዝም ይላል? ጥፋቱ ግን የመጀመሪያው ሕግ ሲወጣ ምትኩ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚገባ አስቀድሞ አለመወሰኑ ነው።

ታንዛንያ በጁን 1 ቀን 2019 ፌስታልን ስትከለክል ከኬንያ ተምራ ነበርና፣ ያልተሸመነው ከረጢት ክብደት በአንድ ካሬ ሜትር ከ70 ግራም እንዳያንስ አዘዘች። ህንድም በ2021 ባወጣችው ደንብ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ከ60 ግራም በታች የሆነውን ከለከለች። እነዚህ ሁለቱ አገሮች ዕቃውን በስሙ ሳይሆን በሚዛን መፍረዳቸው ነው ልናስተውለው የሚገባን።

በሚዛንም ብቻ አይበቃም። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ከሜይ 4 ቀን 2022 ጀምሮ የላስቲክ ከረጢትን ከልክላ፣ ምትኩ እጀታው በክር የተሰፋ፣ የሚታጠብ፣ ብዙ ጊዜ ለመያዝ የተበጀ ይሁን አለች። ይህ እጅግ ብልህ ቃል ነበር፤ ስለ ምን ቢሉ ርካሹ ከረጢት እጀታው በክር ሳይሰፋ በመኪና ተኩሶ የተጣበቀ ስለ ሆነ፣ ሲቀደድም ከዚያው ስፍራ ነው የሚቀደደው። ቢሆንም ቅሉ ሌላ ችግር ተነሣ። ቀለባቸውን በስልክና በኮምፒውተር አዝዘው ወደ ቤት የሚያስመጡት ሰዎች በየሳምንቱ አዲስ ጠንካራ ከረጢት ስለሚመጣላቸው፣ መቶ ጊዜ እንዲይዝ የተሠራው ከረጢት አንድ ጊዜ ይዞ በየቤቱ ጓዳ ተከመረ። ባለቤቶቹም ወዴት እንደሚጥሉት ግራ ገብቷቸው ለድኾች ማኅበር መስጠት ጀመሩ። ጠንካራ ዕቃ አንድ ጊዜ ብቻ ከተያዘ፣ ጥንካሬው ራሱ ትርፍ ፕላስቲክ ነው።

በእንግሊዝ አገርም ከዚሁ የሚመስል ነገር ሆኗል። በኦክቶበር 2015 በትልልቅ ሱቆች ለአንድ ስስ ከረጢት 5 ፔንስ ክፈሉ ተባለ፤ ገንዘቡ ጥቂት ሲሆን የሚፈጀው ስስ ከረጢት ከ95 በመቶ በላይ ቀነሰ። ዳሩ ግን ሱቆቹ «የዕድሜ ልክ ከረጢት» ብለው የሚሸጡት ወፍራሙ፣ ይህ እንኳ ያልተሸመነው ሳይሆን አብዛኛው ወፍራም ላስቲክ ነው፣ በ2019 በአንድ ዓመት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተሸጠ። የአንድ ሰው ዕድሜ እንዲህ ካጠረ ነገሩ ያሳዝናል።

ስለ ክብደትና ስለ ድግግሞሽ ከተነሣ፣ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ያወጣውን ምርመራ መጥቀስ ይገባል። መርማሪዎቹ የየከረጢቱን ነገር ከመሠራቱ ጀምሮ እስከሚጣልበት ድረስ ተከትለው፣ አየሩን ከማሞቅ አንጻር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተያዘ ፌስታል ጋር እኩል ለመሆን እያንዳንዱ ስንት ጊዜ መያዝ እንዳለበት አሰሉ። የወረቀቱ 3 ጊዜ፣ የወፍራሙ ላስቲክ 4 ጊዜ፣ ያልተሸመነው 11 ጊዜ፣ የጥጡ 131 ጊዜ ሆነ። ይህን ቁጥር የላስቲክ ነጋዴዎች ደስ ብሏቸው ይጠቅሱታል፤ የጥጥ ወዳጆች ደግሞ ሊሰሙት አይወዱም። እኛ ግን ሁለቱንም ወገን ሳናይ ቁጥሩን በእርጋታ ብንመረምረው ይሻላል።

በመጀመሪያ፣ በዚያ ምርመራ የተመዘነው ያልተሸመነ ከረጢት ከ100 ግራም በላይ የሚመዝን ጠንካራ ዕቃ ነበር፤ ፌስታሉ 8 ግራም ያህል ብቻ ነበር። በእኛ ገበያ በእጅ የሚሰጠው ስሱ ዓይነት ግን ያን ያህል አይመዝንም። ስለዚህ 11 ጊዜ ባይያዝም፣ በቁሳቁሱ ልክ ቢሰላ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያዝ ዕዳውን ሊከፍል ይችል ነበር። ችግሩ ያን ሁለት ሦስት ጊዜ እንኳ መቻሉ ላይ ነው። ድንችና ሽንኩርት ተሞልቶበት እጀታው በመጀመሪያው ቀን ከተገነጠለ፣ ፌስታሉን ከልክለን በእጥፍ ክብደት ያለው ሌላ ፌስታል አመጣን ማለት ነው። ሁለተኛም፣ ያ ምርመራ አየሩ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሲያሰላ፣ የተጣለው ከረጢት በበሬና በበግ ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ያሰላበት አይደለም። በቄራ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ከታረደው ከብት ጨጓራ የላስቲክና የገመድ ጉንጉን ሲያወጡ ኖረዋል። ያልተሸመነው ዕቃ በፀሐይ ሲሰነብት መልኩ ይደበዝዛል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በእጅ ሲነኩት እየተበጠሰ ወደ ረቂቅ ክር ይለወጣል፤ ጠፋ ይባላል እንጂ አልጠፋም፤ በአፈርና በውሃ ውስጥ ተበተነ እንጂ።

የጥጡ 131 ጊዜ ብዙ መስሎ ያስፈራል። ነገር ግን በየሳምንቱ ወደ ገበያ የምትሄድ አንዲት እመቤት ያን ቁጥር ለመሙላት ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ይበቃታል። እናቶቻችን ወደ ገበያ ይዘውት ይወጡ የነበረው ዘንቢል ከጥጥ የተሠራ ባይሆንም፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚያስታውስ ሁሉ ያስታውሳል፤ ከታች ሲሳሳ ይጠገናል እንጂ አይጣልም ነበር። በአንጻሩ በስብሰባ ቀን ለእንግዳ ሁሉ እየታደለ ከመሳቢያ ሳይወጣ የሚቀረው የጥጥ ከረጢት፣ ሸማኔ ሠራው ተብሎ ቢመሰገንም፣ ከፌስታል የሚብስ ብክነት ነው። ሸማኔዎቻችንን መርዳት መልካም ነው፤ ይህ የሚሆነው ግን ዕቃቸው ለዓመታት የሚያዝ ሆኖ ሲሸጥ እንጂ፣ የመሥሪያ ቤት ስም ታትሞበት በነፃ ሲበተን አይደለም። ይህን የምንለው የመሥሪያ ቤቶች የበጀት ዓመት ሲጋመስ የሚታተመውን ከረጢት እያሰብን ነው።

ስም ዕቃን እንዲህ ሲሸፍን ምን ጉዳት እንደሚያመጣ ለማስረዳት ከከረጢት ወጣ ብለን አንድ ነገር እንጨምር። በኤውሮፓ ሰዎች ፊትና እጅ የሚጠርጉበት እርጥብ መጥረጊያ፣ እርሱም ያልተሸመነ ጨርቅ፣ እንደ ወረቀት ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ሁሉ ወረቀት መስሎት በመጸዳጃ ቤት ይጥለው ነበር። ከብዙዎቹ ውስጥ ግን ፕላስቲክ አለ፤ በውሃም አይሟሟም። በ2017 በለንደን ከተማ በዋይትቻፕል ሰፈር ከመንገድ በታች ባለው የቆሻሻ ውሃ ቦይ ውስጥ መጥረጊያውና የወጥ ቤት ስቡ ተጋግሮ 250 ሜትር ርዝመትና 130 ቶን ክብደት ያለው ግንድ ሆኖ ተገኘ፤ ከእርሱም ቁራሽ በ2018 በከተማው ሙዚየም ለሕዝብ ታየ። የኤውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው ሕግ ከጁላይ 2021 ጀምሮ በመጥረጊያው መያዣ ላይ «ፕላስቲክ አለበት» ተብሎ ከምስል ጋር እንዲጻፍ አስገደደ። ያን ጊዜ ሠሪዎቹ ከእንጨት ወደሚገኘው ወደ ቪስኮስ ክር መመለስ ያዙ፤ ኅብረቱም በዚያው ዓመት ባወጣው ማብራሪያ ቪስኮስን ከፕላስቲክ አልቆጠረውም። ከበቆሎ ስታርች የሚሠራም ክር አለ፤ ነገር ግን እርሱ በደንብ የሚበሰብሰው በከፍተኛ ሙቀት በሚሠራ የማብላያ ስፍራ ነውና፣ ያ በሌለበት አገር «ይበሰብሳል» የሚለው ጽሑፍ ብዙ አይታመንም። ለማለት የፈለግነው፣ ኤውሮፓውያን ይህን ሁሉ ያገኙት ዕቃውን በእውነተኛ ስሙ ከጠሩት በኋላ መሆኑን ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአገራችን ፖሊፕሮፒሊን የሚያወጣ ፋብሪካ የለም፤ ፍሬውም ሆነ የተጠቀለለው ጨርቅ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በባሕር ይመጣል፤ ዋጋውም ከነዳጅ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ በየመንገዱ የወደቀው ስስ ከረጢት ሁሉ ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን የወጣ ምንዛሪ ነው። በሌላ በኩል ጥቅሉን ገዝቶ እየቆረጠና እየሰፋ ከረጢት የሚያበጅ አነስተኛ ሥራ ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቅ ወጣቶችን ሊያሠራ ይችላል። ይህ የሚናቅ አይደለም። ስለዚህ ዕቃውን ከነዘሩ መከልከል ይገባል አንልም። ይልቁንም በክብደትና በስፌት ቢወሰን፣ ተቆርጦና ተጣብቆ ከውጭ የሚመጣው ርካሽ ከረጢት ሲቀር፣ በክር የሚሰፋው የአገር ውስጥ ሥራ ይሰፋል፤ በክር መስፋት እጅ ይፈልጋልና።

አንድ ያለፈ ነገርም ማስታወስ አለብን። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ የላስቲክ ከረጢት፣ ይበሰብሳል ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር፣ እንዳይሠራና እንዳይገባ ያዝዝ ነበር። ቃሉ በአዋጁ ሳለ ፌስታሉ ግን ገበያውን እንደ ሞላ ኖረ። ምክንያቱ የሹማምንት ስንፍና ብቻ አይመስለንም። የአንድ ሚሊሜትር መቶኛን ሦስት እጅ በዓይን የሚለይ ሰው የለም፤ መለኪያውም በየወረዳው አይገኝም። የገበያ ተቆጣጣሪ በእጁ በማይዘው መለኪያ የተጻፈ ሕግ ከወረቀት አይወርድም።

ክብደት ግን እንዲህ አይደለም። ሚዛን በየወርቅ ቤቱ፣ በየቅመም መደብሩ፣ በየመድኃኒት ቤቱ አለ። ወርዱ 35 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ከረጢት ሁለቱ ገጽ ተደምሮ 0.28 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጨርቁ በካሬ ሜትር 60 ግራም ከሆነ ከረጢቱ ያለ እጀታው 17 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 70 ግራም ከሆነ 20 ግራም ያህል፤ 30 ግራም ብቻ ከሆነ ደግሞ 8 ግራም ተኩል አይሞላም፤ ይኸውም የፌስታሉ ክብደት ነው። ማንም የወረዳ ሠራተኛ አሥር ከረጢት በአንድነት መዝኖ ይህን በአንድ ደቂቃ ያውቃል። እጀታው በክር የተሰፋ መሆኑን ደግሞ ለማወቅ ሚዛንም አያስፈልግም። በጉምሩክ በኩል ጥቅሉ ሲገባ በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ክብደትና ስፋት ስለሆነ፣ አንዱን ለሌላው ማካፈል ብቻ ነው።

በከረጢቱ ላይ ሦስት ነገር በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ታትሞ ቢገኝ እንወዳለን፤ የሠሪው ወይም የአስገቢው ስም፣ የጨርቁ ክብደት፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ መሆኑ። «ጨርቅ» ብቻ ብሎ መጻፍ ግን ገዢን ማታለል ሆኖ ቢቆጠር ይገባል። በነፃ መስጠትም እንዲቀር ያስፈልጋል። ከእንግሊዝ አገር እንዳየነው ትንሽ ሳንቲም ብዙ ስብከት የማይሠራውን ይሠራል፤ ነገር ግን ዋጋው ለወፍራሙም እንዲሁ ብርቱ ካልሆነ ሰው ከስሱ ወደ ወፍራሙ ይዛወራል እንጂ አይቀንስም።

ካህናትም በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚሰሙ ናቸው። በጥምቀትና በንግሥ በዓላት የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ይታወቃል፤ ሻማውም፣ ዳቦውም፣ ጠበሉም በአንድ ነገር ተይዞ ይሄዳል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሰንበት ምእመናን ዘንቢላቸውን ወይም የከረመ ከረጢታቸውን ይዘው እንዲመጡ አንድ ቃል ቢነገር፣ በማግስቱ የሚጠረገው ቆሻሻ ማነሱ በዓይን ይታያል። የቅዱሳን ሥዕል በርካሽ ከረጢት ላይ እንዲታተም የሚጠይቅ ነጋዴ ቢመጣም፣ ያ ሥዕል በሁለተኛው ሳምንት በየት ወድቆ እንደሚገኝ አስቀድሞ መጠየቅ የደብሩ አስተዳዳሪ ፋንታ ነው።

የሚቀረው የጊዜ ነገር ነው። በኬንያ ነጋዴውን ያስጮኸው ክልከላው ብቻ ሳይሆን የሕጉ ተለዋዋጭነት ነው። ስለዚህ አዋጁን የሚዘረዝሩት መመሪያዎች ስለዚህ ዕቃ ሲናገሩ፣ ክብደቱንና ስፌቱን አሁኑኑ ቢወስኑ፣ በመጋዘን የተከማቸው ስስ ዕቃም እስከ መቼ እንዲሸጥ ቀኑን ቆርጠው ቢያስታውቁ፣ ዛሬ መኪና ለመግዛት የሚያስበው ነጋዴ ምን ዓይነት መኪና እንደሚገዛ ያውቃል። በክር የሚሰፋበትን የሚገዛው ሰውና ተኩሶ የሚያጣብቀውን የሚገዛው ሰው፣ ሁለቱም የዚያን መመሪያ ቃል እየጠበቁ ናቸው።